ዐሥራ አምስት ወንበር፦ የቱቫሉ ምክር ቤት በአንድ የሥራ ዘመኑ

ስለ ሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ወትሮ ብዕራቸውን የሚያነሡት ብዙ መቶ እንደራሴዎች ስለሚሰበሰቡባቸው ታላላቅ አዳራሾች ነው፤ በእነዚያም አዳራሾች ውስጥ አንድ አባል ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ወይም ተቆጥቶ ወንበሩን ጥሎ ቢወጣ፣ ሐዘኑና ቅሬታው ለቤተ ሰቡና ለመራጮቹ ይሆናል እንጂ የመንግሥቱ መሠረት ስለማይነቃነቅ፣ ጸሐፊዎቹ ሰዎቹን ትተው ስለ ፓርቲዎቹና ስለ ሕጎቹ ብቻ ቢተርኩ የሚነቅፋቸው የለም። ዳሩ ግን በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው ቱቫሉ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የምክር ቤት ዘመኗ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የነበሯት እንደራሴዎች ዐሥራ አምስት ብቻ ስለሆኑ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከተያዙት ወንበሮች ይልቅ ባዶ የቀሩትን ተከትሎ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ መንግሥት የተናጋው፣ በፍርድ ቤት ሙግት የተገጠመው፣ የቱቫሉም ንግሥት የነበሩት የእንግሊዝ ንግሥት ጠቅላይ ገዥና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት የተጋጩት በባዶ ወንበር ምክንያት ነውና።

ቱቫሉ ዘጠኝ ደሴቶች አሏት። ሁሉም ቢደመሩ ስፋታቸው 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኞቹም ከኮራል የተሠሩ፣ በመካከላቸው ጸጥ ያለ የባሕር ውሃ ያቀፉ ጠባብ ቀለበቶች ሲሆኑ፣ ከባሕሩ ወለል ከአምስት ሜትር በላይ ከፍ የሚል መሬት አይገኝባቸውም። በ2012 የተደረገው ቆጠራ የነዋሪውን ቁጥር ከ10,000 ጥቂት የሚበልጥ አድርጎ ያገኘው ሲሆን፣ ከዚህም ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው ዋና ከተማው ባለበት በፉናፉቲ ነው። ከደሴት ወደ ደሴት የሚበር አውሮፕላን ስላልነበረ፣ በሰሜን ጫፍ ካለችው ከናኑሜአ ወደ ምክር ቤቱ ጉባኤ የሚመጣ እንደራሴ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመርከብ መጓዝ ነበረበት። የመንግሥቱ መቀመጫ የሆነው የቫይአኩ ሰፈር ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች በ1943 ከሠሩት የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በመሆኑ፣ በተረፈው ጊዜ ወደ ማታ ላይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሙቀቱ በጸናበት ሌሊትም ሰው ምንጣፉን ይዞ ወጥቶ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ሚኒስትሩ ከቢሮው ሲወጣ መራጩን እዚያው ሜዳ ላይ ያገኘዋል ማለት ነው፤ በእንደዚህ ያለ አገር ሹም ከሕዝብ ዐይን የሚሸሸግበት ቦታ የለም።

ሕዝቡ ምክር ቤት ከማወቁ በፊት በሁለት ሥልጣናት ሥር ሲኖር ቆይቷል። የመጀመሪያው በየደሴቱ የሚገኘው የሽማግሎች ጉባኤ ነው፤ ይህም በአገሩ ቋንቋ ፋሌካኡፑሌ የሚባለው፣ ዙሪያው ክፍት በሆነ ታላቅ አዳራሽ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ነገርን እስኪስማሙበት ድረስ እያስረዘመ የሚመክር ማኅበር ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1861 ኤሌካና የተባለ የማኒሂኪ ደሴት ዲያቆን በማዕበል ተነድቶ ለብዙ ሳምንታት በባሕር ላይ ከተንከራተተ በኋላ በኑኩላኤላኤ ደሴት ዐርፎ ወንጌልን ሰብኮላቸው፣ ከእርሱም በኋላ የለንደኑ የሚስዮናውያን ማኅበር የላካቸው የሳሞአ ሰባክያን ተከትለው፣ ደሴቶቹ በአንድ ትውልድ ዘመን ፈጽመው ክርስቲያን ሆነዋል። ስለዚህም እንግሊዞች ያወረሱት የምክር ቤት ሥርዐት በመጣ ጊዜ፣ የደሴቱ ሰው እንደራሴውን የሚመለከተው የሽማግሎቹና የምእመናኑ ልጅ፣ ወደ ከተማ የተላከም መልእክተኛ አድርጎ ነበር፤ ፓርቲ የሚባለውም ነገር ሥር ሳይሰድ ቀርቷል።

ቱቫሉ በቅኝ ግዛት ዘመን ኤሊስ ደሴቶች ተብላ ከጊልበርት ደሴቶች ጋር በአንድነት ስትገዛ ኖራ፣ በ1974 በተሰጠው የሕዝብ ውሳኔ ከእነርሱ ለመለየት መርጣ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1978 ነጻ ወጣች። ምክር ቤቷም በዐሥራ ሁለት እንደራሴዎች ተጀምሮ፣ በ2002ቱ ምርጫ ዐሥራ አምስት ደረሰ፤ አከፋፈሉም ሰባቱ ደሴቶች ሁለት ሁለት፣ ትንሿ ኑኩላኤላኤ ደግሞ አንድ እንድትመርጥ ሆኖ፣ ዘጠነኛዋ ኒውላኪታ የኒውታዎ ሰዎች የሠፈሩባት ስለሆነች በኒውታዎ ሥር ተቆጠረች። እንግዲህ የአገሩን እኩሌታ ሕዝብ የያዘችው ፉናፉቲም፣ የጊልበርትን ቋንቋ የሚናገሩ ጥቂት መቶ ሰዎች ያሉባት ኑኢም እኩል ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው። ይህን አድልዎ ነው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሆኖም እነዚህ ደሴቶች በአንድ መንግሥት ሥር የተሰበሰቡት እያንዳንዳቸው እንደ አንድ አካል ተቆጥረው እንጂ ነዋሪያቸው በነፍስ ወከፍ ተቆጥሮ አይደለም።

በዚያ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው በእነዚሁ ዐሥራ አምስት ሰዎች ድምፅ ሲሆን፣ ስምንት ድምፅ ያገኘ መንግሥት ያቆም ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ በአንድነት ሲቆጠሩም የምክር ቤቱን እኩሌታ ያህል ይሆናሉ። በሌላ አገር ከሚኒስትሮቹ በስተ ኋላ ተቀምጦ እሺ የሚል ወይም የሚያጉረመርም ብዙ የመንግሥት ወገን አለ፤ በዚህ ግን ከመንግሥቱ ወገን ሆኖ ያልተሾመ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ፣ መንግሥቱ የሚጸናው ሚኒስትሮቹ ራሳቸው ሳይካካዱ እስከ ቆዩ ድረስ ብቻ ነው። ከሦስት ጉልቻ አንዱ ሲነሣ ድስቱ መቆሚያ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ከስምንቱም አንዱ ሲነሣ መንግሥት ይፈርስ ነበር።

ይህ አደጋ በ2010 የተጀመረ አልነበረም። በ1993 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት የነበሩት እንደራሴዎች ለቢኬኒቤኡ ፓኤኒኡና ለቶማሲ ፑአፑአ ስድስት ለስድስት ተከፍለው፣ ድጋሚ ቢሰጡም ድምፁ ያው ስለሆነ፣ ጠቅላይ ገዥው ምክር ቤቱን በትኖ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ምርጫ እንዲደረግ ግድ ሆነበት፤ ከዚያም ካሙታ ላታሲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ እሳቸውም ሦስት ዓመት ቆይተው በዚያው በምክር ቤቱ ድምፅ ወረዱ። ከሁሉ ይልቅ ለምንተርከው ዘመን ምሳሌ የሆነው ግን በ2004 የተፈጸመው ነገር ነው። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሳውፋቱ ሶፖዋንጋ የመተማመኛ ድምፅ በተነፈጉ ጊዜ፣ ከሥልጣን ብቻ ሳይሆን ከእንደራሴነታቸውም ለቀቁ፤ ወንበራቸው ባዶ ስለሆነ በደሴታቸው በኑኩፌታው የማሟያ ምርጫ ሳይደረግ ምክር ቤቱ ተተኪ ሊመርጥ አይችልም ስለተባለ ነገሩ እስከ ኦክቶበር ተጓተተ። ሶፖዋንጋ ወንበራቸውን መልሰው አሸነፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ግን ማቲያ ቶአፋ ወሰዱት። ዘዴው ለባለቤቱ ያተረፈለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆንም፣ ባዶ ወንበር ጊዜ መግዣ እንደሚሆን ሁሉም ተማረ።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2010 በተደረገው ምርጫ ከቀድሞዎቹ እንደራሴዎች ዐሥሩ ተመልሰው አምስት አዳዲስ ሰዎች ገቡ፤ ከእነዚህም መካከል አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም። በዚያው ወር መጨረሻ እንደራሴዎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ ማቲያ ቶአፋ የፉናፉቲውን ካውሴአ ናታኖን ስምንት ለሰባት አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ለዊሊ ቴላቪ ተሰጠ፤ ቴላቪና ቶአፋ ሁለቱም ከናኑሜአ የተመረጡ ነበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መንግሥቱ ወደ ውጭ አገር ለሚላኩ ሕሙማን የሚከፍለውን ወጪ ሊቀንስ ነው የሚል ሥጋት በበጀቱ ላይ በመነሣቱ (በአገሩ ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ሆኖ ብርቱ ሕመም ያገኘው ሰው ወደ ፊጂ የሚላክ ስለሆነ ይህ ለቱቫሉ ሰው ቀላል ነገር አይደለም)፣ ቴላቪ ወደ ተቃዋሚዎቹ ተሻገሩ። ዲሴምበር 21 ቀን ስምንት ለሰባት በሆነ ድምፅ የቶአፋ መንግሥት ወደቀ፤ በልደት ዋዜማም በዲሴምበር 24 ቀን ቴላቪ የኑኩፌታውን ኤኔሌ ሶፖዋንጋን በዚያው በስምንት ለሰባት አሸንፈው መንበሩን ያዙ። ኤኔሌ በ2004 ወንበራቸውን የለቀቁት የሳውፋቱ ታናሽ ወንድም ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ ደሴት በደሴት ላይ የተነሣ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ከናኑሜአ ቴላቪ በአንድ ወገን፣ ቶአፋ በሌላው ቆሙ፤ ከኑኩፌታው የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ሎቶዋላ ሜቲያ ከቴላቪ ጋር ሲሆኑ፣ ኤኔሌ ሶፖዋንጋ የተቃዋሚዎቹ መሪ ሆኑ፤ ከቫይቱፑም ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አፒሳይ ኢኤሌሚያ የቴላቪ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ታውኬሊና ፊኒካሶ ከተቃዋሚው ወገን ተሰለፉ። ክፍፍሉ የገባው በደሴቶቹ መካከል ሳይሆን በየደሴቱ እምብርት ነው። በአንድ አዳራሽ በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ቤተ ዘመዶች በከተማ ሁለት መንግሥት ሆነው ሲፋጠጡ፣ የደሴቱ ሽማግሎች ዝም ብለው ይመለከታሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አልተመለከቱምም። በጃንዋሪ 2011 የኑኩፌታው ሰዎች ሜቲያ ከሥልጣን እንዲወርዱ በፉናፉቲ ሰልፍ ወጥተው ጠየቁ፤ መንግሥቱም ስለ ሕዝብ ጸጥታ በወጣው ሕግ ተጠቅሞ ከ10 ሰው በላይ የሚሆን የሕዝብ ስብሰባ እንዳይደረግ አገደ፤ እገዳውም ሁለት ሳምንት ያህል ጸና። ወንጀል ብርቅ በሆነበት በዚያ አገር ፖሊሶች በጎዳና ሲዘዋወሩ ማየት ለሕዝቡ እንግዳ ነገር ነበር። ሁለቱም ወገን የየራሱ አመክንዮ አለው፤ ደሴቱ መልእክተኛዬን እኔው ልኬዋለሁና እኔው እመልሰዋለሁ ይላል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ እንደራሴ አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ለኅሊናው እንጂ ለላኩት ሽማግሎች ትእዛዝ አይገዛም ይላል። ለእኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ክርክር ቴላቪ በሕጉ በኩል ትክክል ነበሩ፤ ነገር ግን ሽማግሎችን በእገዳ ትእዛዝ መመለስ የሚያስከትለውን ቅሬታ አቅልለው የተመለከቱት ይመስላል።

የመጀመሪያው ባዶ ወንበር የመጣው በሞት ነው። በጁላይ 2011 የሥራ ሚኒስትሩ ኢሳያ ኢታሌሊ፣ በቶአፋ ጊዜ አፈ ጉባኤ የነበሩት የኑኢ እንደራሴ፣ ለሥራ በሄዱበት በሳሞአ በአፒያ ከተማ ሳሉ ዐረፉ። ስምንት ለሰባት የነበረው ሚዛን ሰባት ለሰባት ሆነ፤ መንግሥቱ ሊቆም ወይም ሊወድቅ የሚችለውም በኑኢ መራጮች ድምፅ ሆነ። በኦገስት በተደረገው የማሟያ ምርጫ ያሸነፉት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ፔሌኒኬ ኢሳያ ናቸው። ቴላቪም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። ከእሳቸው በፊት በቱቫሉ ታሪክ ወደ ምክር ቤት የገቡት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በ1989 የተመረጡት ናአማ ላታሲ ናቸው፤ ወይዘሮ ፔሌኒኬ በገቡ ጊዜም በአፈ ጉባኤው መንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩት የናአማ ባለቤት፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ካሙታ ላታሲ ነበሩ። ዐሥራ አምስት ሰው ባለበት ቤት ታሪክ እንዲህ በጋብቻና በሐዘን ይተሳሰራል። አንዳንዶች መራጩ ለመበለቷ ያዘነ እንጂ እንደራሴ የመረጠ አይደለም ብለው ያቃልሉት ይሆናል፤ ነገር ግን የወንድም ልጅ የአጎቱን ወንበር ሲወርስ ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

መንግሥቱ በዚህ ድምፅ ከዳነ በኋላ ጥቂት ዕረፍት ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን ዝናብ ጠፋ። በደሴቶቹ ወንዝም ሆነ ምንጭ ስለሌለ፣ ሰው የሚጠጣው ከጣራው ወደ ጋን የሚወርደውን የዝናም ውሃ ነው፤ ለወራት ሳይዘንብ ቀርቶ በሴፕቴምበር 2011 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በፉናፉቲም አንድ ቤተ ሰብ በቀን ሁለት ባልዲ ውሃ ብቻ እየተሰፈረለት፣ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ የባሕርን ውሃ የሚያጣፍጡ መሣሪያዎች በአውሮፕላን መጡ። በዚያው ወር መንግሥቱ ከጆርጂያ የተገነጠሉትን አብካዚያንና ደቡብ ኦሴቲያን እንደ ነጻ አገር መቀበሉን አስታወቀ። የሁለት ባልዲ ውሃ ሕዝብና የካውካሰስ ተራሮች ምን እንዳገናኛቸው ለሚጠይቅ፣ ትንሽ አገር ያላት አንዱ ሀብት ድምፅዋ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የኋለኛው መንግሥት በማርች 2014 ይህን እውቅና ሰርዞታል።

ሁለተኛው ባዶ ወንበር ግን የመንግሥቱ መጥፊያ ሆነ። በዲሴምበር 2012 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎቶዋላ ሜቲያ ዐረፉ። የኑኢ ወንበር በአንድ ወር ገደማ የተሞላ ሲሆን፣ የኑኩፌታው ወንበር ግን ወራት አልፈው ወራት ሲተኩ ባዶውን ቀረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የማሟያ ምርጫው የሚደረግበትን ማስታወቂያ ሳያወጡ ቆዩ። ምክንያቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሜቲያ ይውረዱ ብሎ የተሰለፈው ደሴት ማንን እንደሚመርጥ የታወቀ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም በሜይ 2013 ምርጫው እንዲደረግ አዘዘ። ጁን 28 ቀን ኑኩፌታው የተቃዋሚውን ወገን ኤሊሳላ ፒታን መረጠች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስምንቱ የነበሩት ከኤኔሌ ሶፖዋንጋ ጋር ነበር፤ ቴላቪም ሰባት ይዘው በሥልጣን ቀሩ።

ስምንት ድምፅ ያለው ሰው ድምፁን የሚሰጥበት ጉባኤ ካልተጠራ ቁጥሩ ከንቱ ነው። ቴላቪ ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱን በዓመት አንድ ጊዜ እንድሰበስብ እንጂ ሌላ አያስገድደኝም፤ ምክር ቤቱም በዲሴምበር ተሰብስቦ ስለ ነበረ እስከ መጪው ዲሴምበር ጊዜ አለኝ አሉ። ቃሉን ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ክርክር ሐሰት አልነበረም፤ መንፈሱን ለሚፈልግ ግን በምክር ቤት ድምፅ የቆመ መንግሥት ምክር ቤቱን ፈርቶ በሩን እንዲዘጋ የትኛውም ሕግ አውጪ አላሰበም። በዚህ ጊዜ ነው ለወትሮው ከሥነ ሥርዐት ያለፈ ሥራ የሌላቸው ጠቅላይ ገዥ፣ ሰር ኢያኮባ ኢታሌሊ፣ ወደ ነገሩ የገቡት። ቱቫሉ በ2008 ሪፐብሊክ ትሁን ወይስ ንግሥቲቱን ትቀበል ተብሎ ሕዝቡ በተጠየቀ ጊዜ፣ ድምፅ ለመስጠት የወጣው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ 679 ለሪፐብሊክ፣ 1,260 ለንግሥቲቱ ስለሰጠ የንግሥቲቱ እንደራሴ መንበር ባለበት ጸንቶ ነበር፤ አሁን የዚያ መንበር ጥቅም ታየ። ጠቅላይ ገዥው ምክር ቤቱ ጁላይ 30 ቀን እንዲሰበሰብ አዘዙ።

በዚያ ማክሰኞ የሆነው በምክር ቤቶች ታሪክ ውስጥ ብዙ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም። ተቃዋሚዎቹ የመተማመኛ ድምፅ የመንፈጊያ ሐሳባቸውን ይዘው ሲመጡ፣ የጤና ሚኒስትሩ የኑኢ እንደራሴ ታኦም ታኑካሌ ከሚኒስትርነትም ከእንደራሴነትም ድንገት መልቀቃቸው ተነገረ። መንግሥቱ ከሰባት ወደ ስድስት ወረደ፤ ነገር ግን የፈለገው ይህንኑ ነበር። አሁን የኑኢ ወንበር ባዶ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የማሟያ ምርጫ ተደርጎ ቤቱ ምልዓት ሳያገኝ ሌላ ሥራ ሊሠራ አይገባም ተባለ፤ አፈ ጉባኤው ላታሲም የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ሳይቀበሉ ጉባኤውን በተኑ። ሰው ሠራዊቱን ለማዳን አንዱን ወታደር ራሱ ሲያሰናብት ማለት ነው። በ2004 ሳውፋቱ ሶፖዋንጋ በገዛ ወንበራቸው የሠሩትን ዘዴ አሁን ሌላው ወገን በታናሽ ወንድማቸው ላይ መለሰው፤ የቱቫሉ ሽማግሎች ይህን አይተው ፈገግ ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

ልዩነቱ በ2004 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስቀድመው የወደቁ ሲሆኑ፣ በ2013 ግን ለመውደቅ እንኳ ፈቃደኛ ያልሆኑ መሆናቸው ነው። ጠቅላይ ገዥው ምክር ቤቱ ኦገስት 2 ቀን ዓርብ ዳግመኛ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ሐሙስ ኦገስት 1 ቀን ቴላቪ ሰር ኢያኮባ ከሹመታቸው እንዲነሡ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ መጻፋቸውን አስታወቁ፤ በዚያው ዕለት ጠቅላይ ገዥው በተራቸው ቴላቪን ከጠቅላይ ሚኒስትርነት አንሥተው ኤኔሌ ሶፖዋንጋን በተጠባባቂነት ሾሙ። እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ገዥውን፣ ጠቅላይ ገዥውም ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሻሩ ማለት ነው፤ ነገሩ የተፈታው ግን ከመልእክቶቹ የትኛው ፈጠነ በሚለው ጥያቄ ነው። የቴላቪ ደብዳቤ ወደ ለንደን የሚሄድ ሲሆን፣ የጠቅላይ ገዥው ቃል እዚያው በፉናፉቲ የሚነገር ነበር። ከቤተ መንግሥት በኩል ሽረት ሳይመጣ ሰር ኢያኮባ በመንበራቸው ጸኑ፤ እስከ 2019ም በዚያው ኖሩ።

ዓርብ ዕለት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በቴላቪ መንግሥት ላይ ስምንት ለአራት በሆነ ድምፅ መተማመኛውን ነፈገ። እሑድ ኦገስት 4 ቀን እንደራሴዎቹ ሶፖዋንጋን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው መረጡ፤ በማግሥቱም ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ድንጋይ አልተወረወረም፤ የሰንበቱ ጸሎትም አልተቋረጠም። በሌላ አገር ወታደር ያስወጣ የነበረ ሽኩቻ በደብዳቤ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝና በድምፅ ቆጠራ አለቀ፤ ለዚህም ምስጋናው ለሕገ መንግሥቱ ጥራት ብቻ መሰጠት ያለበት አይመስለኝም፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው ቀዳዳውን የተወው። ነገ በአንድ መርከብ የሚሳፈሩ፣ በአንድ መቃብር አጠገብ የሚቆሙ ሰዎች መሆናቸው የበለጠ ሠርቷል።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። ከሦስት ዓመት በፊት ስምንት ለሰባት የተጣሉት ማቲያ ቶአፋ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ታውኬሊና ፊኒካሶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ታኑካሌ ለለቀቁት የኑኢ ወንበር በሴፕቴምበር 2013 ምርጫ ተደርጎ ሌኔኡኦቲ ማቱሲ ገቡበት፤ በዚህም ኑኢ በምርጫው ጊዜ የላከቻቸው ሁለቱም እንደራሴዎች የምክር ቤቱ ዘመን ሳያልቅ በሌሎች ተተኩ። በጃንዋሪ 2014 በናኑማንጋ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ኦቲኒኤሉ ታውሲ ተመርጠው፣ በዚያው ዓመት የአፈ ጉባኤውን መንበር ከላታሲ ተረከቡ። ቴላቪም በ2014 ከምክር ቤቱ ወጥተው በናኑሜአው ወንበር ሳቲኒ ማኑኤላ ተቀመጡ። በዚህ ዓይነት የምርጫ ሣጥን በየጊዜው በመርከብ ተጭኖ ወደ አንድ ደሴት ሲሄድ ኖሯል፤ ከአጠቃላዩ ምርጫም ይልቅ የአገሩን መንግሥት የወሰኑት እነዚህ የማሟያ ምርጫዎች ናቸው።

የዘመኑ መጨረሻ በማርች 2015 ሲደርስ ፓም የተባለው ዐውሎ ነፋስ ማዕበል አስነሥቶ ደሴቶቹን ስላጥለቀለቀ ምርጫው ተራዝሞ በማርች 31 ቀን ተደረገ። የኑኢ መራጮች ወይዘሮ ፔሌኒኬን መልሰው አልመረጧቸውም፤ ከመረጧቸው አንዷ ግን ሐኪሟ ፑአኬና ቦርሃም ነበሩ፤ በቱቫሉ ታሪክ ሦስተኛዋ ሴት እንደራሴ። ሶፖዋንጋ ዳግመኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አራት ዓመት ያለ መናወጥ ገዙ። ለ2019ኙ ምርጫ ኑኩላኤላኤ ሁለተኛ ወንበር ተጨምሮላት የእንደራሴዎቹ ቁጥር ዐሥራ ስድስት ሆነ፤ የ1993ቱን ስድስት ለስድስት የሚያስታውስ ሰው ቁጥሩ ሙሉ መሆኑን አይቶ ሊጠራጠር ይችል ነበር፤ ነገር ግን በሴፕቴምበር 2019 ድምፁ ስምንት ለስምንት አልሆነም፤ ካውሴአ ናታኖ ሶፖዋንጋን ዐሥር ለስድስት አሸነፉ።